የኮሌጅ የእርዳታ ደብዳቤ መጣ፤ "ቀሪ ክፍያ" የሚለውን ቁጥር እንመነው? (ቨርጂኒያ፣ ሜሪላንድ፣ ዲሲ)

የአሌክሳንድሪያ_እናት · ቅዳሜ ጠዋት

ሰላም ለሁላችሁ። ልጄ ለመጪው ፎል ሦስት ቦታ ተቀብለዋታል። አንዱ ከስቴት ውጪ ያለ የግል ዩኒቨርሲቲ ነው። ደብዳቤው እንዲህ ይላል፦ ትምህርትና ፊ 52,000፣ ዶርምና ምግብ 16,000። ከዚያ ቀጥሎ የኮሌጁ ግራንት 34,000፣ ፔል ግራንት (የፌዴራል መንግሥት ስጦታ) 4,000፣ ሰብሲዳይዝድ ሎን 3,500፣ አንሰብሲዳይዝድ ሎን 2,000፣ ወርክ ስተዲ 2,500፣ ፓረንት ፕላስ (የወላጅ ብድር) 20,000። መጨረሻ ላይ "ቀሪ ክፍያ 2,000 ዶላር"።

ሁለተኛው እዚሁ ቨርጂኒያ ያለ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ነው፣ ከቤት እየተመላለሰች። ትምህርትና ፊ 14,000፣ ፔል 4,000፣ የስቴትና የትምህርት ቤቱ ግራንት 5,000፣ ቀሪ 5,000። ሦስተኛው ኖቫ (የሰሜን ቨርጂኒያ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ) ነው፤ እሱን ለመጠባበቂያ ነው የያዝነው።

የግሉ እንዴት ሊረክስ ቻለ? ቦታ ማስያዣው ዲፖዚት የሚከፈልበት ሜይ 1 ሊደርስ ነው፤ ሳልከፍል የሚያውቅ ይንገረኝ።

ቀመር · ቅዳሜ ጠዋት

እህቴ፣ የግሉ አልረከሰም። ደብዳቤው ስጦታውንም ብድሩንም ደሞዙንም በአንድ ዓምድ ደርድሮ ነው የቀነሰው። ወረቀትና እስክሪብቶ ያዢና ሦስት ቦታ ክፈዪው።

የማይመለስ ገንዘብ፦ ግራንትና ስኮላርሺፕ ብቻ። ከግሉ 34,000 እና 4,000፣ ድምሩ 38,000። ከ68,000 ሲቀነስ 30,000 ይቀራል። የግሉ ትክክለኛ የዓመት ዋጋ ይሄ ነው። የመንግሥቱ 5,000 ነው። ሌላው ሁሉ ይህን 30,000 ማን እንደሚከፍልና መቼ እንደሚከፍል የሚናገር ነው እንጂ ዋጋውን አያወርድም።

ብድር፦ 5,500ው በልጅቷ ስም ነው። ለአንደኛ ዓመት በወላጆቹ ሥር ላለ ተማሪ የፌዴራል ጣሪያው ይሄ ነው፤ ሁለተኛ ዓመት 6,500፣ ሦስተኛና አራተኛ 7,500 ይሆናል። ሰብሲዳይዝድ በሚባለው ላይ ተማሪ እያለች ወለዱን መንግሥት ይሸፍናል፣ በሌላው ላይ ግን ከመጀመሪያው ቀን ይቆጥራል። ፓረንት ፕላስ ደግሞ የአንቺ ዕዳ ነው። ልጅቷ ተመርቃ ሥራ ብትይዝም ወደ ስሟ አይዞርም።

ወርክ ስተዲ፦ ይሄ ገንዘብ ገና አልተሠራም። ግቢ ውስጥ ሥራ አግኝታ ስትሠራ በየሁለት ሳምንቱ ደሞዝ ሆኖ በእጇ ይገባል። የኦገስት ቢል ላይ አይቀነስም። ሥራውንም ፈልጋ ማግኘት የራሷ ፋንታ ነው።

አሁን ዋናው ነገር። ከጁላይ 1፣ 2026 ጀምሮ አዲስ ተበዳሪ ወላጅ በፓረንት ፕላስ ለአንድ ልጅ በዓመት ከ20,000፣ በጠቅላላው ከ65,000 ዶላር በላይ መውሰድ አይችልም። ድሮ እስከ ኮሌጁ ሙሉ ወጪ ድረስ ይሰጡ ነበር። ስለዚህ በአራት ዓመት አስሊው፦

አንደኛ ዓመት 30,000 ያስፈልጋል፤ የልጅቷ ሎን 5,500፣ ወርክ ስተዲ 2,500፣ ፕላስ 20,000። ከኪስ 2,000።
ሁለተኛ ዓመት ሎኗ 6,500 ይሆናል። ከኪስ 1,000።
ሦስተኛ ዓመት ሎኗ 7,500። ከኪስ 0።
አራተኛ ዓመት፦ ፕላስ 60,000 ተበልቷል፣ የቀረው 5,000 ብቻ ነው። ሎኗ 7,500፣ ወርክ ስተዲ 2,500። ከኪስ 15,000።

ይህ ትምህርት ቤቱ አንድ ዶላር ሳይጨምር ነው፤ እንደማይጨምር ደግሞ ማንም አይፈርምልሽም። የመጀመሪያው ዓመት ደብዳቤ ስለ አራተኛው ዓመት ምንም አይልም። ልጆች ትምህርታቸውን የሚያቋርጡት እዚያው ላይ ነው፦ ዕዳው ተከምሯል፣ ዲግሪው የለም፣ ያልተከፈለ ሒሳብ ስላለ ለሚቀጥለው ሴሚስተር መመዝገብ አይቻልም።

ሒሳብ_ሹም · ቅዳሜ ከሰዓት

ቀመር ባለው ላይ የወለዱን ልጨምር። ለ2025-26 የፓረንት ፕላስ ወለድ 8.94 በመቶ ነው፤ የተማሪው 6.39። ፕላስ ላይ በተጨማሪ 4.228 በመቶ ፊ ከመነሻው ይቆረጣል። 20,000 ፈርመው ትምህርት ቤቱ የሚደርሰው 19,154 ዶላር ከ40 ሳንቲም ነው። ደብዳቤው ላይ የታየው "ቀሪ 2,000" በዚህ ብቻ ወደ 2,850 ገደማ ይጠጋል።

65,000ው ሁሉ በ8.94 ቢታሰብ፣ በአዲሱ ሕግ የዚህ መጠን ዕዳ የመክፈያ ዘመን 20 ዓመት ነው። በወር 582 ዶላር ገደማ፣ በጠቅላላው ወደ 140,000 ይደርሳል። ልጅቷ እየተማረች የሚቆለለው ወለድ እዚህ ውስጥ የለም። አዲሱ ፕላስ በገቢ ልክ የመክፈል ዕድልም አይሰጥም፤ ሥራ ቢጠፋም ክፍያው ያው ነው። ወላጅ በ50 ዓመቱ ከፈረመ እስከ ጡረታው አብሮት ይሄዳል ማለት ነው።

የክሬዲት ታሪካችሁ ተበላሽቶ ፕላስ ከተከለከላችሁ ተስፋ አትቁረጡ። ልጁ በራሱ ስም ተጨማሪ አንሰብሲዳይዝድ ሎን ይፈቀድለታል፦ በአንደኛና ሁለተኛ ዓመት 4,000፣ ከዚያ በኋላ 5,000። የእምቢታውን ደብዳቤ ይዛችሁ ፋይናንሻል ኤይድ ቢሮ ጠይቁ፤ ካልጠየቃችሁ ራሳቸው ላይነግሯችሁ ይችላሉ።

ስም_ያለው_ይሻላል · ቅዳሜ ከሰዓት

ሁሌ "ርካሹን ውሰዱ" ትላላችሁ። ጥሩ ስም ያለው ኮሌጅ ልጆችን በአራት ዓመት ያስመርቃል፤ ሌላው ቦታ ስድስት ዓመት ይንገላታሉ። የዚያስ ዋጋ አይቆጠርም?

ቀመር · ቅዳሜ ከሰዓት

ይቆጠራል። ግን በስም ሳይሆን በቁጥር እንየው። መንግሥት የሚያስተዳድረው ኮሌጅ ስኮርካርድ የሚባል ነፃ ድረ ገጽ አለ። የትምህርት ቤቱን ስም ስታስገቡ ስንቱ እንደሚመረቅ፣ በቤተሰብ ገቢ ደረጃ ተከፋፍሎ አማካይ የተጣራ ዋጋ (0 እስከ 30,000፣ እስከ 48,000፣ እስከ 75,000፣ እስከ 110,000፣ ከዚያ በላይ)፣ በየሙያው የተመራቂ ገቢና ዕዳ ታያላችሁ። የራሳችሁን የገቢ መስመር ፈልጉ እንጂ ከላይ ያለውን አማካይ አትውሰዱ። ለመንግሥት ትምህርት ቤቶች የሚያሳየው የስቴቱን ነዋሪ ዋጋ ስለሆነ፣ የሜሪላንድ ሰው ለቨርጂኒያ ትምህርት ቤት ያንን ቁጥር ይዞ እንዳይሸወድ።

አንድ ነገር ላይ ልክ ነህ። ሀብታም የሆኑ ጥቂት የግል ኮሌጆች የቤተሰቡን ችግር (መክፈል የማይችለውን ልዩነት) ሙሉ በሙሉ በግራንት ይሸፍናሉ። ገቢው 60,000 ለሆነ ቤት እነዚህ ከስቴት ዩኒቨርሲቲ ሊረክሱ ይችላሉ፤ ብዙ የእኛ ሰው የዋጋ ዝርዝሩን ብቻ አይቶ ሳያመለክት ይቀራል፣ ያሳዝናል። ከተራው የግል ኮሌጅ የሚለዩበት ቦታ አለ፦ ኮመን ዳታ ሴት የሚባለውን ሰነድ ፈልጉ፣ ክፍል ኤች 2 ላይ በአማካይ ስንት በመቶ ችግር እንደሚሸፍኑ ተጽፏል። 100 የሚል ሌላ ነው፣ 68 የሚል ሌላ። የእህታችን ደብዳቤ 20,000 ፕላስ ስለጫነ ከሁለተኛው ወገን ነው።

በአራት ዓመት ስለመመረቅ ደግሞ፣ ግማሹ የክሬዲት ሒሳብ ነው። ዲግሪው 120 ክሬዲት ይጠይቃል። ለእርዳታ "ሙሉ ሰዓት ተማሪ" ለመባል 12 ይበቃል። 12 እየወሰደ በስምንት ሴሚስተር 96 ላይ ይደርሳል፤ 24 ይጎድላል፣ ሁለት ሴሚስተር ተጨማሪ ማለት ነው። የኮሌጁ ግራንት ግን ብዙውን ጊዜ ለስምንት ሴሚስተር ብቻ ነው። ስለዚህ በየሴሚስተሩ 15።

ታክሲ_ዲሲ · ቅዳሜ ምሽት

የኔ ጥያቄ ሌላ ነው። ፋፍሳ (የፌዴራሉ የእርዳታ ማመልከቻ) ላይ ገቢያችን ትንሽ ነው የወጣው፣ አንዱ የግል ኮሌጅ ግን ብዙ ገቢ እንዳለን አድርጎ ነው ያሰላው። የምንሠራው ታክሲ ነው። በዚያ ላይ አዲስ አበባ ቤት አለን፤ እሱ ይጻፋል ወይ?

ሒሳብ_ሹም · ቅዳሜ ምሽት

ወንድሜ፣ ሁለት የተለያዩ ማመልከቻዎች ስላሉ ነው። ፋፍሳ የሚያየው በታክስ ሪተርናችሁ፣ በ1040 ፎርም መስመር 11 ላይ ያለውን ገቢ ነው። ለ2026-27 የ2024 ታክስ ነው የሚታየው። ሲኤስኤስ ፕሮፋይል የሚባለውን ሁለተኛ ማመልከቻ የሚጠይቁ የግል ኮሌጆች ግን ስኬጁል ሲ (የግል ሥራ ገቢና ወጪ የሚሞላበት የታክስ ፎርም) ላይ የቀነሳችሁትን የመኪና እርጅና ወይም ኪሳራ ብዙዎቹ መልሰው ይደምሩታል። ታክስ ላይ የረዳችሁ ቅናሽ እዚያ አይረዳም። በየድረ ገጻቸው ያለው የዋጋ ማስያም ለግል ሠራተኛ ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው በዚሁ ነው፤ ደሞዝተኛ ቤት ውስጥ በደህና ይሠራል።

ንብረትን በተመለከተ፦ ፋፍሳ የምትኖሩበትን ቤትና የጡረታ ሒሳብ አይቆጥርም። አዲስ አበባ ያለው ቤት ወይም ኮንዶሚኒየም ግን የምትኖሩበት ስላልሆነ እንደ ኢንቨስትመንት ይጻፋል፣ ዕዳ ካለበት ተቀንሶ፣ ፎርሙ በሚፈረምበት ቀን አካባቢ ባለው ምንዛሪ ወደ ዶላር ተቀይሮ። "ሩቅ ነው፣ ማን ያያል" የሚል ምክር አትስሙ፤ ፊርማው በሐሰት ከሆነ ቅጣቱ ከባድ ነው። በአነስተኛ የቤተሰብ ንግድ በኩል ደግሞ መልካም ዜና አለ፦ ከ100 የማይበልጥ የሙሉ ጊዜ ሠራተኛ ያለው የቤተሰብ ድርጅት ዋጋ ከ2026-27 ጀምሮ ከፋፍሳ ስሌት ወጥቷል። ገቢው ግን አሁንም ይቆጠራል።

ዕቁብ የምትጥሉ ሰዎች፣ ባንክ ውስጥ ያለው የሚቆጠረው በተፈረመበት ቀን ባለው ልክ ነው። ዕጣ ደርሷችሁ 30,000 አካውንት ውስጥ ተኝቶ ከፈረማችሁ እንደ ቁጠባ ይታያል። ለመኪና ዕዳ ወይም ለጣሪያ ልትከፍሉ አስቀድማችሁ ያሰባችሁት ከሆነ ቀድሞ መክፈል ሕጋዊ ነው። በልጁ ስም አታስቀምጡ፤ የልጅ ገንዘብ 20 በመቶው ነው የሚታሰብበት፣ የወላጅ ግን ቢበዛ 5.64 በመቶ።

ገቢው ከ60,000 በታች የሆነና ቀላል ታክስ የሚያስገባ ቤተሰብ፣ ወይም ባለፉት ሁለት ዓመታት ፉድ ስታምፕ ወይም ሜዲኬድ ያገኘ፣ ስለ ንብረት ጭራሽ አይጠየቅም። ስኬጁል ሲ ላይ ከ10,000 በላይ ትርፍ ካለ ግን በገቢው በኩል ያለው ነፃነት ይቀራል።

ታክሲ_ዲሲ · ቅዳሜ ምሽት

አገር ቤት ለእናት ለአባት የምንልከውስ?

ሒሳብ_ሹም · ቅዳሜ ምሽት

ፋፍሳ ላይ ቦታ የለውም። በቤተሰብ ቁጥር የሚገባው አብሯችሁ የሚኖርና ከግማሽ በላይ ወጪውን የምትችሉለት ሰው ብቻ ነው። ሲኤስኤስ ፕሮፋይል ላይ ግን ልዩ ሁኔታ የሚጻፍበት ክፍል አለ። የዓመቱን የመላኪያ ደረሰኝ ደምራችሁ "ለአረጋውያን ወላጆች መድኃኒትና ቀለብ" ብላችሁ ጻፉ። የማየት ግዴታ የለባቸውም፤ የሚያዩም አሉ።

ቢሮ_አካባቢ · እሁድ ጠዋት

የእኛን ሰው ከገንዘቡ በፊት የሚያደናቅፈው ስም ነው። እያንዳንዱ ወላጅ የየራሱን የስቱደንት ኤይድ አካውንት ሲከፍት ስሙና ልደቱ ሶሻል ሴኩሪቲ ካርዱ ላይ ካለው ጋር ፊደል በፊደል መግጠም አለበት። የአባት ስም ሚድል ላይ፣ የአያት ስም ላስት ላይ ገብቶ፣ ወይም ልደት በእኛ አቆጣጠር ተሞልቶ አካውንቱ አልረጋገጥ ብሎ ስንት ሳምንት ይባክናል። ካርዱን ፊት ለፊት አስቀምጣችሁ ሙሉ። ሶሻል የሌለው ወላጅም አካውንት መክፈት ይችላል። ባለትዳር ሆናችሁ አንዳችሁ አዲስ አበባ ከሆናችሁም ሁለታችሁም ትገባላችሁ፤ እዚያ ያለው ገቢ በዶላር ይጻፋል። ተማሪው ራሱ ሜሪላንድ የሚኖርና ለፌዴራል እርዳታ የማይበቃ ወረቀት ካለው በፋፍሳ ፋንታ የስቴቱ ኤምኤስኤፍኤኤ ማመልከቻ አለ።

ፋፍሳ ለመሙላት ገንዘብ የሚጠይቅ ሰው ካጋጠማችሁ ዞር በሉ፤ ፎርሙ ነፃ ነው። ሲኤስኤስ ፕሮፋይልም ገቢያቸው እስከ 100,000 ለሆነ ቤተሰብ አያስከፍልም።

ደብተር · እሁድ ከሰዓት

የአሌክሳንድሪያ እናት፣ "ኖቫ ለመጠባበቂያ" የሚለው ላይ ልቆም። ኖቫ መጠባበቂያ የሚሆነው ያለ እቅድ ሲገባበት ነው። ወደ ጆርጅ ሜሰን የሚያሻግር አድቫንስ የሚባል ፕሮግራም አለ፤ ከመነሻው ተመዝግባ የትኛው ኮርስ ለየትኛው ዲግሪ እንደሚቆጠር ኮርስ በኮርስ ይሰጧታል። ሌሎች የቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲዎችም የሁለት ዓመቱን አሶሲየት ዲግሪ በተወሰነ ውጤት ለጨረሰ ተማሪ የመግቢያ ዋስትና ስምምነት አላቸው። ሜሪላንድ ላይ ያላችሁ አርትሲስ የሚባለውን የክሬዲት ማመሳከሪያ ተጠቀሙ።

የሚበላሸው እንዲህ ነው። "ክሬዲቱ ተዛውሯል" ማለትና "ለዲግሪው ተቆጥሯል" ማለት አንድ አይደለም። 60 ክሬዲት ተሸክሞ ሄዶ 15ቱ ትርፍ ምርጫ ሆኖ የሚቀርበት ተማሪ አንድ ሴሚስተር ከሰረ። ሒሳብ ዋናው ወጥመድ ነው፦ ኢንጂነሪንግ ለሚፈልግ የሚቆጠርለት ካልኩለስ ነው፣ አማካሪው በጅምላ ስታቲስቲክስ ካስመዘገበው ዋጋ የለውም። ምደባ ላይ ከካልኩለስ በታች ከጀመረም ከመጀመሪያው በጋ ኮርስ ወስዶ ካላካካሰ ሁለቱ ዓመት ሦስት ይሆናል። በየሴሚስተሩ ከመመዝገቧ በፊት የምትሻገርበትን ዩኒቨርሲቲ የዲግሪ ዝርዝር አጠገቧ ታስቀምጥ።

ይህን ብዬ፣ የመንግሥቱ ዩኒቨርሲቲ በ5,000 ከመጣ እኔ በቀጥታ እሱን እመርጣለሁ። ልዩነቱ ትንሽ ነው፣ የመሻገሩ ጣጣም የለም።

ነርሷ · እሁድ ምሽት

ነርሲንግ ነው የምታስበው? ከሆነ አንድ ጥያቄ ሳይመለስ ዲፖዚት አይከፈልም፦ የተቀበሏት ወደ ነርሲንግ ነው ወይስ ወደ ቅድመ ነርሲንግ? ብዙ ቦታ ሁለት ዓመት አናቶሚና ማይክሮባዮሎጂ ተምራ እንደገና ትወዳደራለች፤ ካለፉት ይልቅ የሚቀሩት የሚበዙበት ትምህርት ቤት አለ። "ባለፈው ዓመት ስንት አመለከቱ፣ ስንት ገቡ፣ ያልገቡት የት ሄዱ?" ብላችሁ በኢሜይል ጠይቁ። መልስ በጽሑፍ ይሁን።

የኤንክሌክስ (የነርስ ፈቃድ) ፈተና የማለፍ ቁጥር በየትምህርት ቤቱ የቨርጂኒያም የሜሪላንድም የነርሲንግ ቦርድ ያወጣዋል። የአንድ ዓመት አትዩ፣ ቢያንስ ሦስት ዓመት ጎን ለጎን። ፕሮግራሙ ሲሲኤንኢ ወይም ኤሲኢኤን በሚባሉት የነርሲንግ ትምህርት መዛኞች አክሬዲት ካልሆነ ማስተርስ ስትፈልግ ብዙ ቦታ በር ሊዘጋባት ይችላል። በየመንገዱ የሚያስተዋውቁ ለትርፍ የተቋቋሙ ትምህርት ቤቶችን በነዚህ ሁለት ነገሮች ብቻ አበጥሩ፤ አብዛኛው ገለባ እዚያው ይለያል።

የአሌክሳንድሪያ_እናት · እሁድ ምሽት

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ኮምፒውተር ነው የምትፈልገው። ልጅቷ ግን ልቧ የግሉ ላይ ነው። ባለቤቴም ሰዓቱ ተቀንሶበታል፤ ይህን ነግሬ ማስጨመር ይቻላል?

ቀመር · እሁድ ምሽት

ይቻላል፤ ፋፍሳ የ2024ን ገቢ ስለሚያይ የአሁኑን ችግር አያውቅም። የእርዳታ ቢሮው የማስተካከል ሥልጣን አለው። አሠራሩ ይህ ነው።

ነገ ጠዋት ደውሉና "የገቢ ለውጥ ጥያቄ" የት እንደሚገባ ጠይቁ፤ ብዙዎቹ የራሳቸው ፎርም አላቸው። ከአንድ ገጽ የማይበልጥ ደብዳቤ ጻፉ። የመጀመሪያው አንቀጽ ምስጋና፣ ሁለት መስመር። ሁለተኛው ቁጥር፦ "በ2024 ይህን ያህል፣ በ2026 የሚጠበቀው ይህን ያህል፣ የተቀነሰው ከዚህ ቀን ጀምሮ"። ሦስተኛው የምትፈልጉት መጠን። "እርዱን" ብቻ አትበሉ፤ "በዓመት 18,000 ተጨማሪ ግራንት ከተገኘ ልጃችን ትመጣለች" በሉ። ከአሠሪው ደብዳቤና የመጨረሻዎቹን የደሞዝ ወረቀቶች አያይዙ። ተመሳሳይ ደረጃ ያለው ሌላ ኮሌጅ የተሻለ ሰጥቶ ከሆነ ደብዳቤውን አብሩት። የመንግሥቱን ዩኒቨርሲቲ ደብዳቤ ማያያዝ ለግሉ ብዙም አይሠራም፤ ዋጋው እንደሚለያይ ያውቁታል። ይህንኑ የገቢ ደብዳቤ ለመንግሥቱም ላኩ፤ እዚያ 2,000 ቢጨመር ከቀሪው ግማሽ ሊጠጋ ምንም አይቀረው።

ሁለት ጥያቄ በዚያው ኢሜይል፦ ግራንቱ ለስምንት ሴሚስተር ይቀጥላል ወይ፣ ለመቀጠል ስንት ጂፒኤ ያስፈልጋል? አንዳንድ ቦታ የመጀመሪያውን ዓመት አሳምረው ከዚያ ይቀንሳሉ። ሌላም፦ ከውጭ፣ ለምሳሌ ከቤተ ክርስቲያን ወይም ከማኅበር ስኮላርሺፕ ብታገኝ ከማን ድርሻ ይቀንሳሉ፣ ከሎኑ ወይስ ከግራንቱ? ሜሪላንድ በ2017 የመንግሥት ኮሌጆቿ ግራንቱን እንዳይቀንሱ በሕግ ገድባለች፤ ሌላ ስቴት ያለ የግል ኮሌጅ ግን የራሱን ደንብ ነው የሚከተለው።

መልሱ እስከ ሜይ 1 ካልደረሰ የዲፖዚት ቀን እንዲራዘም በጽሑፍ ጠይቁ፤ ሁለት ሳምንት መስጠት የተለመደ ነው። ሁለት ቦታ ዲፖዚት አትክፈሉ፤ ከታወቀ ሁለቱም ሊሰርዙ ይችላሉ፣ ገንዘቡም አይመለስም።

ልቧን በተመለከተ፣ የአራት ዓመቱን ሠንጠረዥ አብራችሁ ሙሉ። እሷው በእጇ ትጻፈው፣ አራተኛው ዓመት ላይ ያለውን 15,000 ጭምር።

ስም_ያለው_ይሻላል · ሰኞ ጠዋት

እሺ፣ የ18,000ው ሒሳብ ከየት መጣ?

ቀመር · ሰኞ ጠዋት

30,000 ሲቀነስ 18,000፣ 12,000 ይቀራል። የልጅቷ ሎን 5,500፣ ከቤት በወር 400 በአሥር ወር የክፍያ ፕላን 4,000፣ የበጋ ሥራዋ 2,500። ፕላስ ዜሮ። ከዚህ ያነሰ ከጨመሩላቸው የመንግሥቱ ነው።

ቢሮ_አካባቢ · ሰኞ ከሰዓት

የትኛውንም ብትመርጡ ጁላይ ላይ የሚመጣውን ቢል በደንብ እዩት። ብዙ ትምህርት ቤቶች የተማሪ ጤና ኢንሹራንስ ሳይጠይቁ ይጨምሩበታል፤ በዓመት ሺህ ዶላሮች ነው። በእናንተ ኢንሹራንስ ሥር ካለች ዌቨር የሚባለውን የማስነሻ ፎርም ኦንላይን ሞልታ ታስነሣው፤ ቀኑ ካለፈ ብዙውን ጊዜ አይመለስም። ሜዲኬድ ያላችሁ ደግሞ ከስቴት ውጪ ትምህርት ቤቱ ሊቀበለው ስለማይችል ዲፖዚት ሳትከፍሉ ጠይቁ።

የአሌክሳንድሪያ_እናት · ሰኞ ምሽት

ሁለቱም ቢሮ ደውያለሁ። የግሉ እስከ ሜይ 15 አራዝሞልናል፤ የመንግሥቱ ፎርሙን ልኮልናል፣ የአሠሪውን ደብዳቤ እየጠበቅን ነው።